«የተያዘ የጠላት ግዛት» የተባልንበት ዓመት

እንደምን አመሻችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ይህችን ሳንቲም እየተቀባበላችሁ እዩልኝ። ከአያቴ ሣጥን የወጣች ናት። በአንድ በኩል አንበሳ ቆሟል፤ ከጀርባው ተራራ አለ። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያያት የኛው አንበሳ ይመስለዋል። አሁን ገልብጧት። የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 6ኛ ምስል ነው። ዓመቱ በእነሱ አቆጣጠር 1942 ይላል። አያቴ «ሽልንጌ» ነበር የምትላት።

ጣሊያን ተባሯል። ባንዲራችን ተሰቅሏል። ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸው ላይ ተቀምጠዋል። ታዲያ አያቴ በርበሬና ጨው የምትገዛው የሌላ አገር ንጉሥ በተቀረጸበት ሳንቲም የሆነው ለምንድን ነው? ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ስለ አምስቱ ዓመት ስናወራ ጦርነቱን እናውቀዋለን። አርበኛውን፣ ዱሩን፣ ሚያዝያ 27ን እናውቃለን። ብዙ ያልተነገረው የቢሮው ትግል ነው። አንድ ጦር ከተማ ባስለቀቀ ማግስት ጥያቄው ይጎርፋል። ገበያውን ማን ይከፍተዋል? ሌባ ሲያዝ ማን ይፈርዳል? ግብር ለማን ይገባል? የትኛው ገንዘብ ይሠራል? ያስለቀቀው ጦር የባለ አገሩ ብቻ ከሆነ መልሱ አያስቸግርም። ሁለት ወዳጅ ጦሮች ጎን ለጎን ሲዋጉ፣ አንደኛው ባለ አገር ሌላኛው ባለ ገንዘብና ባለ መኪና ሲሆን ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ድርድር ይሆናል። ያንን ድርድር ደግሞ የሚያካሂዱት በሁለቱ መካከል የሚመላለሱ ጥቂት ሰዎች ናቸው። የአገናኝ መኮንን ሥራ የምንለው ይኸው ነው።

ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። በዚያው ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው፣ «ሚስተር ስትሮንግ» በሚል ስም ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን እስክንድርያ ገቡ። እዚያ የተቀበላቸው ኤድዊን ቻፕማን አንድሩስ ይባላል። ድሮ ሐረር በእንግሊዝ ቆንስላ የሠራ፣ ከፊት ጀምሮ የሚያውቁት ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ከአጠገባቸው አልጠፋም። በእሳቸው በኩል ደግሞ ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታእዛዝና ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። የመጀመሪያው ድልድይ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ካርቱም ግን ክንዷን ዘርግታ አልተቀበለቻቸውም። በሱዳን የነበሩ የእንግሊዝ ሹማምንት ደንግጠዋል። በእጃቸው ያለው ጦር ትንሽ ነው። ድንበር ማዶ ያለው የጣሊያን ጦር ብዙ ነው። «ይሄ ሰውዬ እዚህ መምጣቱ ጣሊያንን ይቀሰቅስብናል» ብለው ፈሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ዋዲ ሃልፋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ።

ከፍርሃቱ በስተጀርባ ግን አንድ የወረቀት ችግር ነበር። እንግሊዝ በኅዳር 1931 የጣሊያንን «ኢምፓየር» በሕግ አውቃለች። ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመለየት ብላ ያደረገችው ነው። በዚያ ወረቀት መሠረት ካርቱም የመጡት ሰው የወዳጅ አገር መሪ አይደሉም፤ የተከበሩ ስደተኛ ናቸው። ይህን ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የሚፈተለው ከዚህች ፊርማ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንሂድ።

ነሐሴ 6 ቀን 1932 አንድ ትንሽ ቡድን የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ ገባ። ወታደራዊ ስሙ «ሚሽን 101» ነው። መሪው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንፎርድ ነበር። ከወረራው በፊት አገራችን ውስጥ ለዓመታት የኖረ፣ ያረሰ፣ አማርኛችንን የሚያውቅ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ስሙን ከሳንፎርድ ትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ፤ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመችው ባለቤቱ ክርስቲን ናት። ከሳንፎርድ ጋር ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው የገቡት አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ።

ሁለቱ ሰዎች የገቡት ጥይት ለማደል ብቻ አልነበረም። ጎጃም ውስጥ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ተቀያይመው ነበር። ሁለቱም ጣሊያንን ይወጋሉ፣ ግን አይተማመኑም። ቡድኑ አስታረቃቸውና እርስ በርስ ላለመነካካት ቃል ገቡ። እስቲ አስቡት። አንድም ከተማ ገና ነጻ አልወጣም። አስተዳደሩ ግን ተጀምሯል። ማን የት ያዝዛል፣ ማን የማንን አገር አይረግጥም የሚለው ጉዳይ እኮ አስተዳደር ነው።

ደግሞም አገሩ ባዶ አልነበረም። ይህን ደጋግሜ ነው የምናገረው፤ ምክንያቱም የውጭ ሰዎች በጻፏቸው ነገሮች ውስጥ በቀላሉ ይዘለላል። በላይ ዘለቀ በጎጃም፣ አበበ አረጋይ በሸዋ፣ ሌሎችም በየአገራቸው ሰው ይዳኙ ነበር። ስንቅ ይሰበስባሉ፣ መልክተኛ ይልካሉ፣ ሹመት ይሰጣሉ። የጣሊያን ሹም ከምሽጉ መውጣት በማይደፍርበት አገር የሚያስተዳድረው አርበኛው ነበር። ሳንፎርድ ይህን በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ሐሳቡ ግልጽ ነበር። አንድ አገር ነጻ ሲወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰው ይሹሙበት፣ እንግሊዝ ትርዳ፣ አበቃ።

ካይሮ ያሰበው ሌላ ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ከጦሩ ኋላ የሚከተል አስተዳደር አስፈለገው። ለዚህም ሰር ፊሊፕ ሚቸልን ሾመ። ሚቸል የኡጋንዳ አገረ ገዢ የነበረ፣ ቅኝ ግዛት ማስተዳደርን የተካነ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱም ስም ወጣለት። በአማርኛ «የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር» ማለት ነው።

ስሙን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የተያዘ። የጠላት። ግዛት።

ያ መሥሪያ ቤት ኤርትራን ሊያስተዳድር ነው፤ የጣሊያን ሶማሊያን ሊያስተዳድር ነው፤ እነዚያ በሕግ የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። ከእነሱ ጋር ግን ኢትዮጵያም በአንድ ከረጢት ገባች። አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን የተዋጋች አገር በወረቀት ላይ «የጠላት ግዛት» ሆነች።

በክፋት ብቻ የተደረገ ነው አልላችሁም። ሚቸል የሚሠራበት መጽሐፍ አለው። በ1900 ዓ.ም. ሄግ ላይ የወጣው የጦርነት ሕግ ነው። ሕጉ የጠላትን መሬት የያዘ ጦር ሥርዓት ያስከብር፣ ያገኘውንም ሕግ ካልተቸገረ በቀር አይለውጥ ይላል። ለሲቪሉ ሕዝብ መጠበቂያ የወጣ ጥሩ ሕግ ነው። እኛ ላይ ሲውል ግን ተገለበጠ። «ያገኘው ሕግ» የማን ሕግ ነው? የጣሊያን! የጥቁርና የነጭ ሰፈር የለየው፣ ከአገሬው ሰው ጋር አብሮ መኖርን ወንጀል ያደረገው ሕግ። መጽሐፉ የተጻፈው ጠላት ጠላትን ሲይዝ ነው። ወዳጅ የወዳጁን አገር ሲያስለቅቅ ምን ይደረግ የሚል ምዕራፍ የለውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ባንዲራ ሰቀሉ። ልጆቻቸው፣ ራስ ካሣ፣ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አብረዋቸው ነበሩ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ጥር 27፣ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንተኒ ኢደን ለፓርላማው መግለጫ ሰጠ። ነጻ የኢትዮጵያ መንግሥት ዳግም ቢቆም መንግሥታቸው ደስ እንደሚለው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዙፋን መብት እንደሚያውቅ፣ የመሬት ፍላጎትም እንደሌለው ተናገረ። ቀጥሎ ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ወታደራዊ ቁጥጥር ያስፈልጋል፤ እሱም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር እየተመካከርን ይሆናል አለ። መግለጫው ለሁለቱም ወገን የሚያዝ ጫፍ ሰጠ። የኛዎቹ «ነጻ መንግሥት» የሚለውን ያዙ። ሚቸል «ጊዜያዊ ቁጥጥር» የሚለውን ያዘ። ለአንድ ዓመት ያህል ይህችን ገመድ ከሁለት ጫፍ ጎተቷት።

የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ዋና ከተማቸው ተከፍታለች፣ እሳቸው ግን «ይቆዩ» ተባሉ። ቀን በቀን ላይ እየተጨመረ አንድ ወር ሊሞላ ሆነ።

ምክንያቱ በከተማዋ የነበሩት በሺዎች የሚቆጠሩ የጣሊያን ሲቪሎች ናቸው። እንግሊዞች ንጉሡ ሲገቡ ሕዝቡ ይነሣል፣ የጣሊያን ሴትና ሕፃን ይታረዳል ብለው ሰጉ። የካቲት 12 ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ስጋቱን ከንቱ ነው አልልም። ግን ያደረጉትን ተመልከቱ። የጣሊያን ፖሊሶች መሣሪያቸውን እንደያዙ ከተማዋን ለጊዜው እንዲጠብቁ ተደረገ። አባቱ በየካቲት 12 የተገደለበት የአራት ኪሎ ልጅ «ነጻ ወጣህ» በተባለ ማግስት ከቤቱ ሲወጣ ያንኑ ፖሊስ ያንኑ ጠመንጃ ይዞ ያገኘዋል። ይህን በልጁ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ለአስተዳደሩ የጸጥታ ጉዳይ ነበር። ለልጁ ግን ዓለም ገና እንዳልተለወጠች ማስረጃ ነው።

ከዚያ ሚያዝያ 27 መጣ። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት በፈረስ እየመራ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ገቡ። ያን ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለመኑ። የተፈራው እልቂትም አልደረሰም። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ስሙን ያገኘው ከዚያ ቀን ንግግር ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ፣ ግንቦት 30፣ መታተም ጀመረ።

የታሪኩ እምብርት የምለው ግን ግንቦት 3 ነው። ከገቡ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። ማንንም ሳያስፈቅዱ ሚኒስትሮች ሾሙ። ወልደ ጊዮርጊስ የጽሕፈት ሚኒስትር፣ ሎሬንሶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሌሎችም ተሾሙ። ከካርቱም ጀምሮ በአገናኝነት የደከሙት ሰዎች ወንበር ያዙ ማለት ነው።

የሚቸል ምክትል ብርጋዴር ሞሪስ ለሽ ወዲያው መጣ። መልእክቱ ቁርጥ ያለ ነበር። ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል እስኪፈረም ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ሙሉ ሥልጣናቸውን መያዝ አይችሉም፤ እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዢ የጣሊያን ንጉሥ ነው አለ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ባንዲራ ሥር ተቁሞ የተነገረ ነገር ነው። ያቺ የ1931 ፊርማ እንደገና ብቅ አለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሳንፎርድ በዚህ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ዋና አማካሪ ሆኗል። ለሽ ደግሞ የጠላት ግዛት አስተዳደሩ ሰው ነው። ለሽ የሳንፎርድ ሚስት ወንድም ነው! የኢትዮጵያ ሥልጣን ሙግት ግማሹ በአማቾች መካከል ነበር። አንደኛው አገሩን በመኖር ያውቀዋል፤ ሌላው የተቀበለውን ደንብ ያስፈጽማል። ሁለቱም እንግሊዛዊ፣ ሁለቱም የአንድ ጦር መኮንን። ስለዚህ «እንግሊዞች እንዲህ አሰቡ» ስንል መጠንቀቅ አለብን።

የሚቸል ትልቁ ጉልበት ገንዘብ ነበር። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነው። ግብር የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት የለም። ወታደር ደሞዝ ይፈልጋል። በገበያው የጣሊያን ሊሬ ይዞራል፤ ዋጋውን ግን ማንም አያምነውም። ገበሬው የሚያምነው ማርትሬዛን፣ የድሮውን የብር ጠገራ፣ ነው። እንግሊዞችም ይህን አውቀው ለዘመቻው ብለው ቦምባይ ላይ ማርትሬዛ አስመትተዋል። ከኋላው ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከጦሩ ጋር ገባ። በ1934 ሽልንግ ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። ይህቺ አሁን በእጃችሁ ያለችው ናት። የገንዘቡ ምንጭ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ሹመቱም ደሞዙም የዚያን ሰው ፊት ያያል።

ሚቸል ይህን ጉልበቱን ይዞ ረቂቅ አቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ በውስጥም በውጭም ጉዳይ የእንግሊዝን ምክር ይከተሉ፤ ግብር ሲጥሉም ወጪ ሲመድቡም አስቀድመው ያስፈቅዱ የሚል ነበር። ይህ ሞግዚትነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አልተጣሉም፤ «እምቢ» ብለውም በሩን አልዘጉም። ነገሩ በሁለት መንግሥታት መካከል በሚደረግ ውል ይሁን አሉ። ውል የሚዋዋለው መንግሥት ነው። ውሉ ውስጥ የሚጻፈው ምንም ይሁን፣ ፊርማው ራሱ «እኔ መንግሥት ነኝ» ይላል። ይህ ብልሃት እንደ ብዙ የጦር ሜዳ ድል ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ።

ድርድሩ ሲጎተት እሳቸው ሥራቸውን አላቆሙም። ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ሰው ይልካሉ፣ ዳኛ ይሾማሉ። የእንግሊዝ የፖለቲካ መኮንን ቅሬታ ሲጽፍ ተሿሚው ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። ጦርነቱም ገና አላለቀም፤ ጎንደር ላይ ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ከዚያ በኋላ ግን «ጦርነት ላይ ነን» የሚለው ምክንያት ሳሳ።

ጥር 23 ቀን 1934 ውሉ ተፈረመ። ኢትዮጵያ ነጻና ሉዓላዊ መንግሥት ናት ይላል። እንግሊዝ በመጀመሪያው ዓመት 1,500,000 ፓውንድ፣ በሁለተኛው 1,000,000 ፓውንድ ትሰጣለች። በምላሹ የእንግሊዝ መልክተኛ በአዲስ አበባ ከዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ ይሆናል። እንግሊዛውያን አማካሪዎች፣ የፖሊስ አዛዥና ዳኞች ይቀጠራሉ። የምድር ባቡሩ፣ ኦጋዴንና ሐውድ፣ ከፈረንሳይ ሶማሊላንድ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ፣ ጋር የሚያዋስነውም መሬት በእንግሊዝ ጦር እጅ ይቆያሉ።

አሳፋሪ ውል ነው የሚሉ አሉ። ኦጋዴንን ሳስብ እኔንም ያመኛል። ግን ከውሉ ቀጥሎ ምን እንደመጣ እዩ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 21፣ ነጋሪት ጋዜጣ ታተመ። በአንድ ገጽ ላይ አማርኛው በአንድ ረድፍ፣ እንግሊዝኛው በጎኑ። ሁለቱን ጦሮች ጎን ለጎን ያየሁ ይመስለኛል ያን ገጽ ሳይ። ግን ሕጉን የሚያወጣው ማነው? የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት። በነሐሴ ደግሞ የጠቅላይ ግዛቶች አስተዳደር ደንብ ወጣ፤ ሚቸል ሊይዘው የፈለገው ሥራ በሕግ የኛ ሆነ።

ከእኛ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። እዚህ የሠሩት የእንግሊዝ ሰዎች ልምዳቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ሄዱ። ከሚቸል ጋር የሠራው ሎርድ ሬኔል በሐምሌ 1935 በሲሲሊ የወዳጅ ጦሮች ወታደራዊ አስተዳደር ሹም ሆነ። ለሽም በኋላ ጣሊያን ውስጥ በዚያው ሥራ ላይ ተሰማርቷል። የኖርማንዲ ወረራ ሲደርስ ግን አሠራሩ ተለውጦ ነበር። ከኖርዌይ፣ ከሆላንድና ከቤልጂክ ስደተኛ መንግሥታት ጋር ግንቦት 8 ቀን 1936 ውል ተፈረመ። ጦሩ ሲገባ ጊዜያዊ ሥልጣን ይይዛል፣ የየአገሩ አገናኝ መኮንኖች አብረው ይገባሉ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ ለባለ አገሩ ያስረክባል የሚል። ይህ የተፈረመው ወታደር የባሕሩን ዳርቻ ከመርገጡ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው። የኛ የተፈረመው ከሚያዝያ 27 ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው።

ፈረንሳይ ውል አልነበራትም። የነጻ ፈረንሳይ መሪ ጄኔራል ደ ጎል ሰኔ 7 ቀን 1936 ባዩ ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ገባ፤ ሕዝቡን አነጋገረ፤ የራሱን ሹም እዚያው ትቶ ተመለሰ። ወዳጅ ጦሮቹ ሊያስተዳድሩ አስበው ነበር፣ ለፈረንሳይ የሚሆን የወረቀት ገንዘብም አሳትመዋል። ሹሙ ግን ቀድሞ ወንበሩ ላይ ተገኘ። ይህን ሳነብ ግንቦት 3 ትዝ ይለኛል። ደ ጎል በባዩ ያደረገውን ጃንሆይ ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ አድርገውታል። ዓለም ግን የሚያወሳው ባዩን ነው።

የኛ ጭራ ረጅም ሆነ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ሁለተኛው ውል በመኮንን እንዳልካቸውና በሎርድ ደ ላ ዋር ተፈረመ። የመልክተኛው ቀዳሚነት ቀረ። ባቡሩ ተመለሰ። ኦጋዴን በ1941 ተለቀቀ። ሐውድ ግን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር እስከ የካቲት 1947 ቆየ። ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል የተወለደ ልጅ 14 ዓመት ሞልቶት ነበር።

ሽልንግም ሄደች። ሐምሌ 16 ቀን 1937 የኢትዮጵያ ብር ወጣ፣ ሰው የያዘውን እየመነዘረ አስረከበ። አያቴ ይህችን አንዷን አልመነዘረችም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፣ አሁን ደግሞ የለችም።

ሳንቲሟ የት ደረሰች? እዚያ ጥግ ጋ? እሺ፣ እዚያው ትቆይ። ያልያዛት ይያዛት። እኔ ደግሞ ጥያቄያችሁን ልስማ።